ከሸራው በላይ

በሰባ ሰባቱ ድርቅ ጊዜ ከደሴ መካነ ሰላም የእርዳታ እህል አመላልስ ነበር። ክረምቱ ሊገባ ሲል ኩታበር መንገድ ላይ ከፊቴ የሚሄድ መኪና ጎማ ድንጋይ አስፈንጥሮ የፊት መስታወቴን አረገፈው። ደሴ ተመልሼ ለንብረት ክፍሉ አመለከትሁ። ኃላፊው መስታወቱ ከውጭ አገር እንደሚመጣ፣ እስከዚያው ግን አብዮታዊ መፍትሔ መፈለግ እንዳለብን ነገረኝ። መፍትሔው ሸራ ሆኖ ተገኘ።

አንድ ድንኳን ሰፊ በግማሽ ቀን ሰፋልኝ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል እንዲሉ፣ ገና ከተማውን ሳልወጣ አንዱ ጥግ ተተረተረ። ሸራው ከኮፈኑ ተነሥቶ እስከ ዓይኔ ይደርሳል፤ ከዚያ በላይ ያለው ክፍት ነው። መካከሉ ላይ እንደ መስኮት የምትሆን ላስቲክ አለች። ዝቅ ብዬ ስቀመጥ ዝናብ አይነካኝም፤ ላስቲኳ የምታሳየኝ ግን መንጋትና መምሸቱን ብቻ ነው። ቀና ብዬ ስቀመጥ መንገዱ ፊት ለፊቴ ነው፤ ነገር ግን የደጋው ዝናብ ፊቴን እንደ ጠጠር ስለሚመታኝ ዓይኔን እጨፍናለሁ። ስለዚህ ሁለት ዓይነት አለማየት ነበረኝ፤ እንደ አየሩ እመርጣለሁ።

ለራሴ ብቻ ቢሆን ግድ አልነበረኝም። ያን ጊዜ ግን መንገዱ በሰው የተሞላ ነበር። ከየገጠሩ የተነሣው ሕዝብ ወደ መካነ ሰላም መጠለያ ይጓዛል፤ የሚሄደውም በመንገዱ መካከል ነው፤ ዳር ዳሩ ድንጋይ ስለሆነ እግር ያደክማል። ክላክስ ሲያደርጉለት ዞር ብሎ ያያል። ሰምቷል፤ ዘወር የሚልበት ጉልበት ግን የለውም። ከእኔ በፊት በዚያ መስመር ይሠራ የነበረ ሾፌር አንዲት ሴት ገጭቶ ገደለ። ታሰረ፣ ተፈታ፤ መሪ ግን ዳግመኛ አልጨበጠም። እኔም ሰው እንዳልገድል ፈራሁ። እህል ጭኜ፣ እህሉ የተጫነለትን ሰው እንዳልገድል። ይህን ሳስብ ምግብ አይወርድልኝም ነበር፤ በዚያ ዓመት ምግብ አይወርድልኝም ማለት ደግሞ ያሳፍራል።

ምክር የማይሰጥ ሰው አልነበረም። አንዱ ላስቲኳን በድንች እሻት አለኝ። በዚያ ጊዜ ላስቲክ ማሻ ድንች ስጡኝ ብሎ መለመን ነውር ስለሆነ ተውሁት። ሌላው ሳሙና ቀባት አለኝ፤ ቀባኋት፤ ዝናብ ሲነካት አረፋ አወጣች። በመጨረሻ ባዶ ጆንያ አጣጥፌ ከመቀመጫው ላይ ደረብሁና ከፍ ብዬ ተቀመጥሁ። ጥሩ ይታያል፤ ግን ጉልበቴ ከመሪው ጋር እየተጋጨ ወደ ግራ መታጠፍ አቃተኝ። የመካነ ሰላም መንገድ ወደ ግራ መታጠፍ ይወዳል።

የማወራላችሁ ቀን አቀስታ አድረን የተነሣንበት ነው። ጋቢና ውስጥ ሦስት ነበርን። አንዱ ለእህሉ አጃቢ የተመደበ፣ ጢሙ ገና ያልጠነከረ፣ ሽጉጥ የታጠቀ ካድሬ ነው። ሌላው በመካነ ሰላም ዙሪያ ባለ ደብር የሚያስተምሩ መሪጌታ ናቸው፤ ለጉልበታቸው መድኃኒት ፍለጋ ወጥተው ሲመለሱ አግኝተውን ነው። ሰው መጫን ክልክል ስለነበር ካድሬው ደንቡን አንድ ባንድ ነገራቸው፤ ከጨረሰ በኋላ ጠጋ ብሎ ቦታ ለቀቀላቸው።

ከመነሣታችን በፊት ካድሬው መፈክር የተጻፈበት ቀይ ጨርቅ አምጥቶ ከሸራው ፊት ወጠረው።

“ጓድ፣ መስኮቷን ሸፈንኻት እኮ” አልሁት።

“ታይባት ነበር እንዴ?”

“ኧረ አላይባትም።”

“እንግዲያው ምን ቀረብህ?” አለና ቋጠሮውን አጠበቀው። እኔም ሞተር አስነሣሁ።

መካነ ሰላም ልንደርስ የግማሽ ቀን የእግር መንገድ ሲቀረን ጉም ወረደብን። ከሸራው በላይም ከሸራው በታችም አንድ ሆነ። ፍሬን ይዤ ቆምሁ። ጉሙ ውስጥ ሰው ሲያስል ይሰማኛል፤ የት እንዳለ ግን አላውቅም።

መሪጌታ ጃንጥላቸውን አነሡ። “አብሽር ልጄ። ጋቢዬ ነጭ ነው። ከፊት ከፊትህ እሄዳለሁ፤ አንተ ነጩን ተከተል።”

“በዚያ ጉልበትዎ?”

“ጉልበቱ እንደሆነ ተቀምጬም ያመኛል።”

ካድሬው የአብዮቱን እህል ቄስ እየመራው ሊገባ እንደማይችል ገለጸ። ከዚያ በጎን መስኮቱ በኩል ከመንገዱ ዳር ወዳለው ገደል ተመለከተ። “ለጊዜው ይቻላል” አለ።

ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል እያልሁ በአንደኛ ማርሽ ተከተልኋቸው። መሪጌታ ያገኙትን ሁሉ ሰላም ሳይሉ አያልፉም። “አፊያ ናችሁ? ልጆቹ ደህና?” ይላሉ። ከብቱ ደህና ነወይ ማለትን ትተውታል። እሳቸው ሲቆሙ እኔም እቆማለሁ፤ ሰላምታው ሲያልቅ እንቀጥላለን።

ጥቂት እንደሄድን አንድ ነገር አስገረመኝ። ያ ለክላክስ የማይበገር ሕዝብ መንገድ ይለቅልኝ ጀመር። የተቀመጠው እየተደገፈ ይነሣል፣ ዳር ይይዛል፣ ይሰግዳል። አንዲት ሴት በተሰነጠቀ ድምፅ እልል አለች። አንድ ሙስሊም ሽማግሌ ሳይቀሩ በከዘራቸው ተደግፈው በአክብሮት ቆሙ። ነገሩ የገባኝ ቆይቶ ነው። በጉም ውስጥ ነጭ የለበሱ ካህን ጃንጥላ ዘርግተው ዝግ ብለው ይራመዳሉ፤ ከኋላቸው ፊቱ በጨርቅ የተሸፈነ ነገር ይከተላል። ለምህላ የወጣ ታቦት መስሏቸዋል።

እውነቱን ልናገር፣ ደስ አለኝ። ከፊቴ ማንም የለም፤ ማንንም አልገድልም። በስፖኪዮው መስታወት ወደ ኋላ ስመለከት ግን የሰገደው ሁሉ ተሰልፎ ይከተለናል። ታቦት ሸኝቶ ሳያስገባ የሚቀር የለማ።

መሪጌታም እልልታው ሲደጋገም ዞር አሉ። ሕዝቡንም፣ መኪናዬንም፣ ቀዩን ጨርቅም አዩ። ፊታቸው ተለወጠ። በአጠገቤ አልፈው ወደ ኋላ ሄዱና ድምፃቸውን ከፍ አድርገው፣ “ወገኖቼ፣ እንዳትሰግዱ! ታቦት አይደለም። እህል ነው” አሉ።

ካድሬው እጁን ሽጉጡ ላይ አደረገ። እኔም ሕዝቡ ተነሥቶ የእህሉ ጆንያ ላይ የሚወርድ መሰለኝ። ማንም አልተንቀሳቀሰም። ቅድም እልል ያለችው ሴት ብቻ ጠየቀች፤ “ለማን የሚሄድ ነው፣ አባ?”

“መጠለያ ለደረሰ ሰው ነው፣ ልጄ።”

“እንግዲያው እንከተለዋ” አለች። መሪጌታ ወደ ፊት ተመለሱና መንገዱን ቀጠሉ። ሴትዮዋ በጀርባዋ ያዘለችው ልጅ አንገቱን መያዝ አልቻለም ነበር።

ቀትር አለፍ ሲል ጉሙ ተነሣ። አነሣሡም በአንድ ጊዜ ነው፤ እስከ ዓባይ ሸለቆ ድረስ ሁሉም ነገር ወለል አለ። ዝናብም የለ። ከሸራው በላይ ቀና ብዬ ስመለከት መንገዱ ከመሪጌታ በስተቀር ባዶ ነው። እንደዚያ ጥርት ብሎ የታየኝ መንገድ በዚያ ዓመት አላስታውስም። መሪጌታ ግን ወደ ጋቢናው አልተመለሱም። አንድ እግራቸውን እየጎተቱ፣ በመንገዱ መካከል፣ በዚያው እርምጃ ይሄዳሉ።

“ጓድ ሾፌር፣ ሰውየውን አሳፍርና ንዳ። አሁን ይታይሃል” አለ ካድሬው።

በስፖኪዮው ወደ ኋላ አየሁ። ሰልፉ ረዝሟል። በእኛ እርምጃ መጠለያው ሊደርሱ ይችላሉ። ነዳጅ ብሰጥ ግን እነዚያ ሰዎች ባሉበት ይቀመጣሉ፤ አንድ ጊዜ ከተቀመጡ ደግሞ እንደማይነሡ ስመላለስ አይቻለሁ።

“አይታየኝም፣ ጓድ” አልሁት።

ካድሬው አየኝ። ከዚያ አንገቱን በጎን መስኮቱ አውጥቶ መጀመሪያ ወደ ፊት፣ ቀጥሎ ወደ ኋላ ተመለከተ። ወደ ኋላ ሲያይ ቆየ። ፀሐይዋ ዓይኑን ስለወጋችው በእጁ ጋረዳት።

“እውነትህን ነው” አለ ሲመለስ። “ጉሙ ከባድ ነው። አቁምና ሕፃናቱን ጭነቱ ላይ አውጣቸው፤ በዚህ ጉም ይጠፉብናል።”