የመርዶ ልምምድ

ፊልም ስሠራ ተዋናይ አልቀጥርም፤ የማሠራው የሰፈር ሰው ነው። ይህን አሠራር ከየት ተማርከው ሲሉኝ ከነገሌ ነው ብዬ እገላገላለሁ። ዝርዝሩን አልናገርም።

ያደግኩት ከጦር ካምፑ አጥር ሥር፣ የወታደር ቤተሰቦች በሚኖሩበት ሰፈር ነው። አባቴ ወደ ሰሜን ከዘመተ ዓመት አልፎት ነበር፤ ደብዳቤው ከተቋረጠ ደግሞ ሰባት ወር። እናቴ ስለ እሱ አታወራም፣ እኔም አልጠይቃትም። ሁለታችንም ደንዝዘን ነበር።

በቀበሌው የኪነት ቡድን ቲያትር የምጽፈው እኔ ነበርኩ። አሥራ ሰባት ዓመቴ ነው፣ አዋቂ ነኝ ብያለሁ። ለዘማች ሚስት መርዶ የሚነገርበት ትዕይንት ጻፍኩ። ጢም የሚለጥፍ ልጅ አልፈለግኩም፤ በሰፈራችን እውነተኛውን መርዶ የሚያደርሱትን ሦስት ሽማግሌዎች ራሳቸውን ለመንኳቸው። አንዱ ጡረታ የወጡ ሃምሳ አለቃ፣ አንዱ የሚሲዮን ክሊኒክ ድሬሰር፣ ሦስተኛው የትምህርት ቤታችን ዘበኛ ነበሩ። ቀን ሥራ ስላላቸው ልምምዱን ማለዳ አሥራ ሁለት ሰዓት፣ እኛ ግቢ አደረግነው። ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም እንደሚባለው፣ ለእናቴ መንገሩን ረሳሁት።

ሦስቱ ጋቢያቸውን ለብሰው፣ እንዳዘዝኳቸው ዝም ብለው፣ በቤቶቹ መካከል መጡ። ሴቶቹ በየበራቸው ቆመው ወዴት እንደሚታጠፉ ያያሉ። ያለፏት ሁሉ ትተነፍሳለች። ታጥፈው ወደ እኛ ገቡ። እናቴ ልብስ እያጠበች ነበር። እጇን በቀሚሷ አደረቀች፣ ነጠላዋን ዘቀዘቀች፣ መሬት ላይ ቁጭ አለች።

ቀድሞ የገባቸው ዘበኛው ናቸው። «ናጋ ነው ልጄ፣ ሰላም ነው፣ ቲያትር ነው» እያሉ ለመኗት። እኔ ቆሜ አያለሁ። የማፍርበትን ልናገር፤ በዚያች ሰዓት በልቤ ያልኩት «እንዲህ ነው መሠራት ያለበት» ነው።

እናቴ ተነስታ ወደ ልብሷ ተመለሰች። አልሰደበችኝም። ብትመታኝ ይሻለኝ ነበር። የቀበሌው ሰዎች የዘማች ቤተሰብ ሞራል ይነካል ብለው ቲያትሩን ከለከሉ፤ አልተከራከርኩም።

መንግሥት ሲወድቅ ካምፑ ባዶ ቀረ። ከሰሜን የተመለሱ ጥቂቶች ነበሩ፣ አባቴን ያየ ግን አልነበረም። የሚጠየቅ ቢሮ፣ ወረቀት የሚልክ አለቃም የለም። ክረምቱ አለፈ። አንድ ቀን እናቴ ሦስቱን ሽማግሌዎች እንድጠራላት ነገረችኝ። ለምን እንደሆነ ጠየቅኳት።

«የጀመሩትን ይጨርሱ» አለች።

በማግስቱ ማለዳ መጡ። በዚህ ጊዜ እኔ ምንም አላዘዝኳቸውም። ዘበኛው በሩ ላይ ቆመው ሲያመነቱ እናቴ፣ «ግድ የለም ጋሼ፣ ይንገሩኝ» አለቻቸው። ነገሯት። ጮኸች። የሰፈሩ ሴቶች መጡ፣ ድንኳን ተተከለ፣ ሦስት ቀን ተለቀሰ። እኔ አግዳሚ ወንበር ሳመላልስ ነበር፤ ማልቀሴን አላስታውስም።

አባቴ መሞቱን እስከ ዛሬ ያረጋገጠልን የለም። ተዝካሩን ግን አውጥተናል።