ጋራዥ የወጣችው አበባ

ባለቤቴ ሂቢስከስ የሚሏትን ቀይ አበባ ያመጣቻት ከምትሠራበት የአረጋውያን መጦሪያ ነው። አንዲት አሮጊት ሲሞቱ ልጆቻቸው የእናታቸውን አበባ ሊጥሏት ሲሉ ደርሳ፣ የመኪናዋ የፊት ወንበር ላይ በቀበቶ አስራ ኦሮራ ከተማ እስካለው ቤታችን ድረስ ይዛት መጣች። ገና ሳያት ተነጫነጭኩ። ሙቀት የለመደች ተክል ግማሹን ዓመት በረዶ በሚጥልበት አገር ምን ትሠራለች? ባለቤቴ ግን የሳሎኑ መስኮት ሥር አስቀመጠቻት። የቤቱ ማሞቂያ ሂተር አየሩን ሲያደርቀው ቅጠሏ ላይ ውሃ ትረጫለች፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ታጠጣታለች፣ ደግሞም ታወራታለች።

«እኔን እንኳ እንዲህ አውርተሽኝ አታውቂም» እላታለሁ።

«አንተ መቼ ታብባለህ?» ትለኛለች።

አንድ የብርድ ወቅት ቅጠሏን በሙሉ አራገፈች። ሞታለች ብዬ ልጥላት ስነሳ ባለቤቴ ቅርንጫፉን በጥፍሯ ፋቅ አድርጋ አሳየችኝ። ከቅርፊቱ ሥር አረንጓዴ ነበር። «አረንጓዴ ካየህ አለች ማለት ነው» አለችኝ።

ባለፈው ጥር ሕመሟ ጠንቶ ለመጨረሻ ጊዜ ሆስፒታል ልትገባ ስትል፣ በር ላይ ቆማ ያሳሰባት የራሷ ነገር አልነበረም። «አደራ፣ አበባዬን ብርድ እንዳታስመታብኝ» አለችኝ። እሺ አልኳት።

በዘጠነኛው ቀን አረፈች። የዕድራችን ሰዎች ለለቀስተኛው ቦታ ለማስፋት ሳሎኑን ባዶ አደረጉት። ሶፋው ወጣ፣ ጠረጴዛው ወጣ፣ ተጣጣፊ ወንበር ተደረደረ። አንደኛው አበባዋን ከነመትከያዋ ታቅፎ «ጋሼ፣ ይቺንስ የት እናድርጋት?» አለኝ። ቀና ብዬ እንኳ አላየሁም።

«ጋራዥ» አልኩት።

መኪናችንን የምናሳድርበት ጋራዥ ሂተር የለውም።

ሦስት ቀን ከሊትልተንም ከኮሜርስ ሲቲም፣ ከየአጎራባች ከተማው ሰው ጎረፈ። ውጭ በረዶው አላባራም። ብርድ እንዳይመታኝ ብለው ጋቢ ደራረቡልኝ። በአራተኛው ቀን ሶፋው ሲመለስ ነው መስኮቱ ሥር ማንም እንደሌለ ያየሁት።

ጋራዥ ሮጬ ስደርስ ቅጠሎቿ ጠቁረው እንደ ተቀቀለ ጎመን ተንጠልጥለዋል። ታቅፌ አስገባኋትና ወለሉ ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። በቀብሩ ቀን እንኳ እንዲያ አላለቀስኩም። እዚህ የተወለደችው ልጄ ከኋላዬ መጥታ «አባዬ፣ አዲስ ኦርደር ላድርግልህ?» አለችኝ። ሌላ ጊዜ ቢሆን እቆጣት ነበር።

ከዚያ በጥፍሬ መፋቅ ጀመርኩ። ጫፉን ፋቅኩት፣ ቡናማ ነው። ዝቅ ብዬ ፋቅኩት፣ አሁንም ቡናማ። እንዲህ እያልኩ ወረድኩ። ከአፈሩ በላይ ሁለት ጣት ያህል ግንድ ሲቀረኝ እጄን ሰበሰብኩ።

አሁን ግንቦት ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ዳውንታውን ካለው የፓርኪንግ ሥራዬ ስመለስ አጠጣታለሁ። ልጄ «የቀረውንም ቼክ አድርገውና ይለይልህ» ትለኛለች።

እሺ እላታለሁ። ያቺን ሁለት ጣት ግን እስከ ዛሬ አልፋቅኳትም።