ሰባት ለስድስት

የፀጉር ማሽን ብዙ ሲሠራ ይግላል። ሲግል ዘይቱ ይሸታል። የተቃጠለ ሽታ አይደለም፣ ሊቃጠል ሲል ያለው ነው። ከአልኮሉ ጋር ሲቀላቀል ምን እንደሚመስል ልነግርህ አልችልም፤ ብቻ በሸተተኝ ቁጥር አንድ ቅዳሜ ይመጣብኛል። አሁን ፀጉሬን የምቆረጠው ኦሎምፒያ ነው፣ ማንም በማያውቀኝ ቤት። ግን እዚያም ማሽኑ ይግላል።

ያ ቅዳሜ ተራ ቀን ነበር። ማለቴ፣ ምንም ምልክት አልነበረውም። «ልቤ ነግሮኝ ነበር» የሚሉ ሰዎች አሉ። የኔ ልብ ምንም አልነገረኝም። ጠዋት ከታላቅ ወንድሜ ጋር በአንድ ሳህን ፍርፍር በላን። እናታችን «ጃኬት ልበሱ» አለች። እሱ ለበሰ፣ እኔ አልለበስኩም። ነሐሴ ነበር፤ ዝናቡ ከሌሊት ጀምሮ አላባራም።

መጀመሪያ ስለ ቡድናችን ልንገርህ፣ አለዚያ ነገሩ አይገባህም። ቂርቆስ ውስጥ የሰፈራችን የቅርጫት ኳስ ቡድን አለ። ትልቅ ነገር አይደለም። ማሊያው ራሱ ከሁለት ዓይነት ጨርቅ የተሰፋ ነው። ወንድሜ እዚያ ዘጠኝ ዓመት ተጫውቷል፤ የመጨረሻዎቹን ሦስት ዓመታት ከተጠባባቂ ወንበር እየተነሳ። የግራ ጉልበቱ ያመው ነበር። ቀን ቀን አሉሚኒየም ቤት መስኮትና በር ይገጥማል፣ ማታ ጉልበቱ ላይ ፎጣ ይጠመጥማል። እኔ መጫወት አልችልም። እኔ ደጋፊ ነበርኩ።

ክረምት ሲገባ ሜዳው ውሃ ስለሚይዝ ጨዋታ የለም። ስለዚህ ክረምት የክርክር ጊዜ ነበር። ከካዛንቺስ ቡድን ጋር እኛ ሳንወለድ የተጀመረ ልማድ አለን፤ በየክረምቱ አንድ ተጫዋች እንለዋወጣለን። ማን እንደሚሄድ የሚወስነው አሰልጣኝ አይደለም፣ ደጋፊው ነው። ፀጉር ቆራጩ ቤት እንሰበሰባለን። ስሙ የተነሳው ተጫዋች ደጅ ይወጣል፣ ጀርባውን ለመስታወቱ በር ሰጥቶ ይቆማል፣ እኛ ውስጥ እጅ እናወጣለን። ከዚያ ቁጥሩ ብቻ ይነገረዋል። ማን እጅ እንዳወጣ አይነገርም። ይህ ደንብ ሲጣስ አይቼ አላውቅም ነበር።

የዚያን ቀን ከወንድሜ ሌላ አሥራ ሦስት ሆነን ነበር። ጠባብ ቤት ነው፤ ቆርቆሮው ላይ ዝናቡ ይጮሃል፣ እኛ ከሱ በላይ እንጮሃለን። ወለሉ ላይ ፀጉርና ጭቃ ተቀላቅሏል። ክርክሩን የጀመረው የታክሲ ረዳቱ ነው።

«ተጠባባቂ ወንበራችን ላይ ማን አለ? ንገሩኛ! ወንበሩ ብቻ ነው ያለው» አለ።

«እሱ ባዶ ወንበር ሲያይ ያመዋል፤ የሥራ ጠባይ ነው» አለ ፀጉር ቆራጩ። ሳቅን።

ካዛንቺሶች ሊሰጡን ያሰቡት አንድ ረጅም ልጅ ነበር። ስሙን የሚጠራው አልነበረም፤ ረጅሙ ነው የምንለው። ረዳቱ ስለ ረጅሙ ሲያወራ እጁን ወደ ጣሪያው ይሰቅላል።

«ቁመት ብቻውን ምን ያደርጋል?» አሉ መምህሩ። ጡረታ የወጡ የስፖርት መምህር ናቸው፤ ግማሾቻችንን አስተምረውናል። «የመብራት እንጨትም ረጅም ነው።»

«ጋሼ፣ የመብራት እንጨት ከቀለበት የተመለሰ ኳስ የሚይዝ ቢሆን ትናንት አስፈርመው ነበር» አለ ረዳቱ።

ወንድሜም አብሮ ይስቅ ነበር። በሩ አጠገብ ቆሞ ጃኬቱን ሳያወልቅ። ፀጉር ቆራጩ ማበጠሪያውን አስቀመጠ፣ ድምፁንም ዝቅ አደረገ። «ለረጅሙ በምላሹ የሚፈልጉት አንድ ሰው ነው» አለ። ወዴትም አላየም። ግን ገባን። ወንድሜም ገባው።

«ልውጣ በቃ» አለ እየሳቀ። «ስታሙኝ ጮክ በሉ፣ ዝናቡ አያሰማም።»

ወጣ። ከክፈፉ ሥር ቆመ። መስታወቱ በእንፋሎት ደብዝዞ ስለነበር የሚታየኝ ጥቁር ጃኬቱ ብቻ ነው።

መምህሩ ይሂድ የሚለውን አልወደዱትም። «ያ ልጅ ሲገባ ሌሎቹ ይረጋጋሉ» አሉ። «ኳሷ ራሷ ትረጋጋለች። ይህን በሜትር አትለኩትም።»

«ጉልበቱ አልቋል ጋሼ። በሁለተኛ ማርሽ ነው የሚሄደው፤ እኔም እኮ እወደዋለሁ» አለ ረዳቱ። ከዚያ ወደኔ ዞረ። «አንተ ምነው ዛሬ ዝም አልክ? ክረምቱን ሙሉ ቁመት፣ ቁመት ስትለን ከርመህ! ወንድምህ ሲሆን ጊዜ ቁመት ቀረ?»

ሁሉም ሳቀብኝ። እውነቱን ነው። ተጠባባቂዎቻችን አጫጭር ናቸው፣ ለዚህ ነው የምንሸነፈው እያልኩ ክረምቱን ሙሉ የተከራከርኩት እኔ ነበርኩ። ወረቀት ላይ ሥዬ ሁሉ አሳይቻቸዋለሁ። ሲያዳምጡኝ ደስ ይለኝ ነበር። አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር፤ ቤት ውስጥ ማንም እንደዚያ አያዳምጠኝም።

ፀጉር ቆራጩ ይሂድ የሚሉትን እጅ አስወጣ፤ ይቅር የሚሉት እጃቸውን አጣጠፉ። በትልቁ መስታወት ውስጥ እያየ በማበጠሪያው ቆጠረ። «ስድስት» አለ። «ስድስት ለስድስት ይሆናል። አንድ ሰው ገና ነው።»

ገና የነበርኩት እኔ ነኝ።

ብዙ ጊዜ ለራሴ ምክንያት ፈልጌለታለሁ። ካዛንቺስ ቢሄድ የበለጠ ይጫወታል ብዬ ነው እላለሁ። እዚያ ይፈልጉታል፣ እዚህ ወንበር ላይ ይቀመጣል እላለሁ። ይህን ያሰብኩት ግን በኋላ ነው። በዚያች ሰዓት ያሰብኩት ስለሱ አልነበረም። ለወንድሙ ያደላል እንዳይሉኝ ነው። በቃ። እጄን አወጣሁ።

«ሰባት» አለ ፀጉር ቆራጩ።

ወንድሜን ጠሩት። ትከሻው ረጥቦ ገባ፣ ፊቱን በእጁ ጠረገ። «በስንት?»

«ሰባት ለስድስት።»

«እሰይ! ስድስት ሰው ይወደኛል ማለት ነው።» ከዚያ ወደኔ አየ። እንደ ቀልድ ነው የጠየቀኝ። «አንተስ?»

«አይነገርም! ደንብ አለ» አለ ፀጉር ቆራጩ ቶሎ ብሎ።

እሱ ከኔ የተሻለ ያውቅ ነበር። ዝም ብል ኖሮ ደንቡ ይሸፍነኝ ነበር። እኔ ግን «እኔ አላወጣሁም» አልኩ።

አሥራ ሁለት ሰው ሰምቷል። ረዳቱ እንኳን፣ አፉ የማያርፈው ረዳቱ፣ ወደ ወለሉ አየ። መምህሩ መነጽራቸውን አውልቀው ይጠርጉ ጀመር። ፀጉር ቆራጩ ማሽኑን አነሳና አበራው። ወንበሩ ላይ ግን ማንም አልነበረም። ማሽኑ በእጁ ላይ ዝም ብሎ ይጮህ ነበር።

ወንድሜ ማጅራቴን በእርጥብ እጁ ያዝ አድርጎ ለቀቀኝ። ቀዝቃዛ ነበር።

የተሰጠ ተጫዋች በዚያው ቀን ሄዶ አዲሶቹን ጓደኞቹን ሰላም ማለት አለበት፤ እሱም ልማድ ነው። «ና ሸኘኝ» አለኝ። ያን መንገድ አብሬው መሄድ፣ አጠገቡ ሆኜ ማውራት አስፈራኝ። «ዝናብ ነው፣ ጃኬት የለኝም» አልኩት።

«እሺ። ለእማዬ እንዳትነግራት፣ ስመለስ እኔ እነግራታለሁ።»

አልነገራትም። ከካዛንቺስ ሲመለስ፣ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ፣ ኡራኤል ጋ መንገድ ሲሻገር መኪና ገጨው። በስልኩ የደወለልን የማናውቀው ሰው ነበር። ሆስፒታል ስንደርስ አልቆ ነበር። ስለዚያ ማታ ሌላ የምነግርህ የለኝም። አልችልም።

ሲነጋ ዝናቡ አባርቶ ነበር። እድርተኞቹ በራችን ላይ ድንኳን ተከሉ። እናቴ ቤት ውስጥ ፍራሽ ላይ ነበረች፤ ድምፅዋ ስላለቀ አፏ ብቻ ይንቀሳቀሳል። ፀጉር ቆራጩ ድንኳኑ በር ላይ ሰው ሲቀበል፣ ረዳቱ አግዳሚ ወንበር ተሸክሞ ሲመጣ አየሁ። ሁለቱም አቀፉኝ። ዓይኔን ግን አላዩኝም፣ ወይም እኔ አላየኋቸውም። ያኔ አንድ ነገር ትዝ አለኝ። እሑድ ጠዋት ዝናብ ካባራ ካዛንቺሶች ልምምድ አላቸው። ወንድሜ እንዲመጣ ይጠብቃሉ። ማንም አልነገራቸውም።

ለማንም ሳልናገር ወጣሁ። በእግሬ ሄድኩ። ኡራኤል ስደርስ በማዶው መንገድ አለፍኩ፤ ወደ አስፋልቱ አላየሁም።

የካዛንቺስን ሜዳ ታውቀው እንደሆን አላውቅም። ዙሪያው ሁሉ ፈርሶ እሱ ብቻ በቆርቆሮ አጥር ተከቦ ቀርቶ ነበር። ልጆቹ ከሄዱበት ኮንዶሚኒየም በሁለት ታክሲ እየመጡ ነው የሚጫወቱት። ለዚህ ነው ተጫዋች ያጠራቸው፤ ለዚህ ነው ቅርብ የሚኖር፣ ትናንሾቹን የሚያረጋጋ ሰው የፈለጉት። ሜዳውን ከማየቴ በፊት ኳሷን ሰማሁ። ፀሐይ ወጥታ ነበር፤ ሲሚንቶው ላይ የቀረው ውሃ ያበራል። እንዲህ ያለ ቆንጆ ጠዋት መሆኑ አናደደኝ።

አሰልጣኛቸው ሴት ናት፣ የአርባ ዓመት ሰው። አንገቷ ላይ ፊሽካ አንጠልጥላ ነበር። ገና ስታየኝ ፈገግ አለች።

«አንተ ታናሹ ነህ አይደል? መልካችሁ! የታለ ሰውየው? በመጀመሪያው ቀን ይረፍድበታል?»

ቃሉን እስከዚያች ሰዓት በአፌ ብዬው አላውቅም ነበር። «ትናንት» አልኩ፣ «ከእናንተ ሲመለስ...» አንገቷ ላይ ያለውን ፊሽካ አየሁ። «አይመጣም። ወንድሜ አይመጣም፣ እትዬ። ሞቷል።»

እጇን ራሷ ላይ አደረገች። እርጥቡ ሲሚንቶ ላይ ቁጭ አለች። ልጆቹ መጫወት አቆሙ፤ ኳሷ ብቻ ለብቻዋ ነጥራ ነጥራ አጥሩ ጋ ደረሰች።

ስታለቅስ ቆይታ ክንዴን ያዘችኝ። «ትናንት እዚህ ጋ ቆሞ ስላንተ ነግሮናል» አለች። «እነዚህ ጉዶች፣ ሰፈርህ ሸጠህ ብለው ሲያበሽቁት፣ ሰባቱ ሸጡኝ፤ ወንድሜ ግን እጁን አላወጣም አላቸው። ሁለት ጊዜ ነው ያለው። ኮርቶ።»

«እትዬ...» አልኩ።

«ይህን ያዝ። ምንም ቢሆን ይህን ያዝ።»

ልነግራት ነበር። አፌ ላይ ነበር። ልጆቹ ግን አንድ በአንድ መጡ፤ ትከሻ ለትከሻ እየተነካኩ ሰላም አሉኝ፣ አንዳንዱ ያለቅሳል። ጓደኞቹን ሊሰናበት የመጣው ረጅሙም መጣ፣ ጎንበስ ብሎ። ሊያቅፈኝ አልደፈረም። ካሁን አሁን እላለሁ እያልኩ ሁሉንም ሰላም ብዬ ጨረስኩ። ረጅሙ ከዚያ በኋላ አንድ ዓመት ተጫወተልን። ጎበዝ ነው። ልጠላው ሞክሬ አልቻልኩም።

እስከ ዛሬ የማላውቀው አንድ ነገር አለ። ያን ቀን በእርግጥ ጀርባውን ሰጥቶ ነበር ወይ? እኔ መስታወቱን በደንብ አላየሁትም። አምኖኝ ከሆነ በውሸቴ ደስ ብሎት ሄደ። አይቶኝ ከሆነ ደግሞ ለማያውቃቸው ሰዎች ስለኔ ዋሸልኝ። የቱ እንደሚሻለኝ ስንት ጊዜ አስቤዋለሁ። አይታወቀኝም።

ሁሉም ተከተሉኝ። ከነማሊያቸው፣ ዝም ብለው፣ ከካዛንቺስ እስከ ቤታችን በእግር መጣን። ድንኳኑ ውስጥ የነበሩት ተነሱላቸው። አሰልጣኟ ግን ወደ ውስጥ ገባች፣ እናቴ ፍራሽ ላይ ተንበረከከችና አቀፈቻት። ከዚያ ያንኑ ነገረቻት። ልጅሽ ስለወንድሙ እንዲህ ብሎ ነበር፤ ሰው ሁሉ ሲሰጠው ታናሹ እጁን አላወጣም ብሎ ነበር።

ፀጉር ቆራጩ የውሃ ሳጥን ይዞ በሩ ላይ ቆሞ ነበር። ረዳቱ ከኋላው። ሁለቱም ሰሙ። ፀጉር ቆራጩ ሳጥኑን ቀስ ብሎ አስቀመጠና ወጣ። ረዳቱም ተከተለው።

እናቴ ብዙ አየችኝ። «እንኳን ተዋደዳችሁልኝ» አለች፤ ድምፅዋ አይሰማም፣ ከከንፈሯ ነው ያነበብኩት። ጠጋ ብላ አጠገቧ ቦታ ለቀቀችልኝ።

ሄጄ ተቀመጥኩ።