ያልታለቡት ላሞች

አማቴ ሴዛሪን ሰው ማመስገን አይወዱም ነበር። ላም ግን ያመሰግናሉ። ጠዋት በረት ገብተው ከላማቸው ከሮዜት ጎን በርጩማቸው ላይ ሲቀመጡ፣ እኔ በሦስት ዓመት ትዳሬ ሰምቼው የማላውቀውን ቁልምጫ ሁሉ ለእሷ ያወርዱላታል። «አንቺ የቤቴ ጌጥ፣ አንቺ የኔ እመቤት» ይሏታል። እኔን የሚጠሩኝ «ስሚ» ብለው ነው። ዛሬ እኔም በተራዬ አርጅቼ ያ «ስሚ» እንዴት እንደሚናፍቀኝ ለልጆቼ ብነግራቸው ይስቁብኛል።

ባላቸው በፊተኛው ጦርነት ቀርተዋል። ልጃቸውን ኦክታቭን ያሳደጉት በሰባት ላሞች ነው፤ እኔ ያገባሁትም ያንን የወተት ልጅ ነው። በመንደራችን የምትራገጥ ላም ያለው ሰው ሁሉ ይልክባቸዋል። ይሄዱና ግንባራቸውን ከላሚቱ ጎን አስደግፈው ትንሽ ዝም ይላሉ፤ ከዚያ ወተቱ ባልዲው ውስጥ ሲንፏፏ ይሰማል። ማታ ማታ ከዚያው ወተት በሽንኩርት ሾርባ ይሠሩና ደረቅ ዳቦ ይፈተፍቱበታል። እንደዚያ ያለ ሾርባ ዳግመኛ አልቀመስኩም፤ ብዙ ጊዜ ልሠራው ሞክሬ አልሆነልኝም።

በአውሮፓውያኑ 1940 ግንቦት ጀርመኖች ሰሜኑን ወሰዱ። በሰኔ የቀረውን ፈረንሳይ ሊጨርሱ ተነሡ፣ በመጀመሪያ በሶም ወንዝ፣ ከዚያ በእኛው በኤን ወንዝ። የኦክታቭ ክፍለ ጦር ኤን ዳር ነበር። እሑድ ጎህ ሲቀድ መድፉ መስኮታችንን ያንቀጠቅጠው ጀመር፤ ከሰዓት በኋላ ከንቲባው መንደሩን ልቀቁ አለ። እኔ የስድስት ወር ነፍሰ ጡር ነበርኩ። ፈረሳችንን ጦሩ ወስዶት ስለነበር ላሞቹን መስክ ላይ ለቀቅናቸውና ሮዜትን ከእጅ ጋሪው ኋላ አስረን በእግራችን ወጣን።

መንገዱ ሁሉ የሚያወራው አንድ ነገር ነው። የማርንን ወንዝ ተሻገሩ፣ ጀርመኖቹ ማርን ላይ ይቆማሉ። በ1914 ማርን ላይ ቆመው ነበርና ሽማግሌዎቹ ነገሩን እንደ ሃይማኖት ያዙት። እኔም አመንኩ። ከማርን ድልድይ ማዶ ጦርነት የሌለ ይመስል፣ ሆዴን በእጄ ደግፌ ወደ እሱ ብቻ እገሰግሳለሁ።

አማቴ ግን ይቆማሉ። በየመስኩ ባለቤቶቻቸው ጥለዋቸው የሄዱ ላሞች ይጮኻሉ። ከታለቡ ሁለት ቀን የሞላቸው አሉ፤ ግታቸው ተወጥሮ ወተቱ በራሱ መሬት ላይ ይንጠባጠባል። ሴዛሪን ባልዲያቸውን አንሥተው ቦዩን ይሻገሩና ይቀመጣሉ። ወተቱን ከስደተኛው የፈለገ በጣሳ ይቀበላል፤ የተረፈው ሣር ላይ ይፈሳል። አንድ ቦታ አምስት፣ ሌላ ቦታ ስምንት ያልባሉ። እሑድ ማታ ዝም አልኩ። ሰኞ አጉረመረምኩ። ማክሰኞ ጠዋት ድልድዩ የአንድ ሰዓት መንገድ ሲቀረው፣ የሚያፈገፍጉ ወታደሮች እኩለ ቀን ላይ እንደሚያፈርሱት ነገሩን። ዘወር ስል አማቴ መስክ ገብተው ከአንዲት ቀይ ላም ሥር ተቀምጠዋል።

«እማማ፣ ይነሡ» አልኳቸው።

«አራት ብቻ ናቸው የቀሩኝ።»

«ከልጅ ልጅዎ የሰው ላም ይበልጥብዎታል?»

ወተቱ ባልዲው ውስጥ ይንፏፏል። ያን ጊዜ ምነው ምላሴን በቆረጠው።

«ኦክታቭ ሞቷል ቢሉዎት እንኳ መጀመሪያ ላሟን ነው የሚያልቡት» አልኳቸው።

እጃቸው ትንሽ ቆመ። ከዚያ ግንባራቸውን ከላሚቱ ጎን ሳያነሡ፣ «ስሚ፣ ዳቦውን ያዢና ሂጂ። እደርስብሻለሁ» አሉኝ።

ጋሪውንና ሮዜትን ለእሳቸው ትቼ ሄድኩ። እልሁ ነበር የወሰደኝ፤ ሰባት ኪሎ የሚመዝን ሆድ ይዤ እንደ ልጃገረድ ተራመድኩ። ድልድዩን ተሻግሬ ብዙም ሳልርቅ ከኋላዬ ፈነዳ። ከመንገዱ ዳር ተቀምጬ አለቀስኩ፤ ለማን እንደማለቅስ ግን አላውቅም ነበር።

ጀርመኖች ማርን ላይ አልቆሙም። በአንድ ሁለት ቀን ውስጥ ተሻገሩ፣ ሎዋር ወንዝ ዳር ቀደሙኝም። ያ ሁሉ ድልድይ፣ ድልድይ ማለቴ ለምንም አልጠቀመ። ልጄን ደቡብ አገር በሰው ቤት ወለድኩ። በጥቅምት ስመለስ አማቴ ቀድመውኝ ተመልሰው በረት ውስጥ ነበሩ። ከየመስኩ የሰበሰቧቸው አሥራ አንድ የጎረቤት ላሞች በተርታ ቆመዋል፤ ባለቤቶቹ ሲመለሱ አንድ በአንድ ያስረክቧቸዋል። ሕፃኗን ገልጠው አዩና ራሷን ሸፍኚያት አሉኝ። ስለዚያች ማክሰኞ እሳቸውም አላነሡ፣ እኔም አላነሣሁ።

ኦክታቭ አምስት ዓመት በምርኮ ቆይቶ ተመለሰ። ሁለት ልጅ ጨመርን። አማቴና እኔ ጎን ለጎን ተቀምጠን ስንት ሺህ ባልዲ እንዳለብን እግዜር ይቁጠረው። ሰው ምራትና አማት ተስማምተው ኖሩ ይለናል። እኔ ግን ያቺ ንግግሬ ጉሮሮዬ ላይ እንደ ዓሣ አጥንት ተሰንቅራ ነው የኖርኩት።

በ1951 ክረምት አልጋ ላይ ዋሉ። አንድ ከሰዓት እግራቸውን በሞቀ ውሃ ሳጥባቸው፣ ጉልበታቸው አብጦ ስላየሁ መቼ እንደጀመራቸው ጠየቅኳቸው።

«ድሮ። ያኔ ስንሰደድ እሑድ ማታውኑ አብቅቶልኝ ነበር» አሉ። «ሰኞ በየመቶ እርምጃው ካልተቀመጥኩ አልሄድም አለኝ። ድልድዩ ድረስ እንደማልዘልቅ አውቄያለሁ።»

«ለምን አልነገሩኝም?»

«ብነግርሽ ትተሽኝ ትሄጂ ነበር?»

እጄ ውሃው ውስጥ እንዳለ ቀረ።

«ታዲያ እንድትናደጂ ተውኩሽ» አሉ። «የተናደደ ሰው ይራመዳል።»

«ላሞቹስ?»

«ላሞቹማ መታለብ ነበረባቸው።» ወደ መስኮቱ አዩ። «ስለ ኦክታቭ ያልሽው ግን አሞኛል። እስከ ዛሬ ያመኛል።»

አሥራ አንድ ዓመት የዘገየውን ይቅርታ ያን ቀን ጠየቅኳቸው። ውሃው ቀዝቅዞ ነበር፤ እሳቸው ግን እግራቸውን ከእጄ ላይ አላነሡም።