አባቴ የሰፉት ጨዋታ

ዛሬ ጠዋት የልጄን እርሳስ ስቀርጽ ከመቅረጫው የወጣው ልጣጭ ጥድ ጥድ ሸተተኝና እጄ ቆመ። አባቴ የቼዝ ጠጠሮቻቸውን የቀረጹት ከፈረሰ አጥር በወጣ ጥድ ነበር፤ በክረምት እርጥበት ሲነካቸው የሚሰፉበት በረንዳ ሁሉ እንዲህ ይሸት ነበር። ሌላ ሰው እንባው ይመጣ ይሆናል። እኔ አሸተትኩት፣ ሌላ ምንም አልተሰማኝም።

አባቴ ሞላሌ ገበያ አጠገብ ልብስ ሰፊ ነበሩ። የከተማውን ተማሪ ዩኒፎርም የሚሰፉት እሳቸው ስለነበሩ የቼዝ ሰሌዳቸውም ከዩኒፎርም ቁርጥራጭ የተገጣጠመ ነበር፤ ግማሹ ካሬ ሰማያዊ፣ ግማሹ ካኪ፣ ነፋስ እንዳይወስደው ባንድ ጠርዙ መቀስ በሌላው የከሰል ካውያ የተጫነበት። ጨዋታውን ያስተማራቸው ቤታችን ተከራይቶ የነበረ የሂሳብ መምህር ነው፤ እሱ ተዛውሮ ከሄደ በኋላ በከተማው የሚያሸንፋቸው ጠፋ። ሌላ ሰው ቢሆን ይኩራራ ነበር፣ አባቴን ግን ጨነቃቸው። «እኔ ዐውቄ ነው ወይስ እናንተ ሳታውቁ?» እያሉ ሱሪ ሊያሳጥር የመጣውን ሁሉ ይጠይቃሉ፤ ሰውየው የመጣው ለሱሪው ነውና «ኧረ እርስዎ ያውቃሉ» ብሎ ይገላገላል። አባቴ የሚመኙት አንድ የሚያውቅ ሰው አንድ ቀን መጥቶ ቁርጡን እንዲነግራቸው ነበር።

ስምንተኛ ክፍል ሳለሁ ያ ሰው መጣ። በቼዝ ግራንድ ማስተር የሚባል ትልቅ ማዕረግ ያለው ሸምገል ያለ ፈረንጅ ጓሳ ላይ ጭላዳ ዝንጀሮ ሊያይ ሲሄድ የስፖርት መምህራችን ሰምቶ ለምኖ አስቀረው፤ ጭላዳውን ለማግስቱ አስተላልፎ እኛን ሊያይ ተስማማ። በትምህርት ቤቱ አዳራሽ ሃያ ጠረጴዛ ተደረደረ፤ ሃያችን ተቀምጠን እሱ ብቻውን ቆሞ እየዞረ በየሰሌዳው አንድ አንድ ጠጠር እያንቀሳቀሰ ያልፋል። በዋዜማው መምህሩ ደንቡን ነግሮን ነበር፤ መሸነፉን ያመነ ሰው ተነሥቶ እንግዳውን ይጨብጣል፣ ጨዋታው በዚያው ያበቃል። አባቴ ሥራ ላይ ስለነበሩ አልሰሙም። ንገሪያቸው የተባልኩት እኔ ነበርኩ፤ ረሳሁት።

እንግዳ ቆሞ ባለቤት የሚቀመጥበት ጨዋታ ግን መንዝ ውስጥ ማን አይቶ ያውቃል? በመጀመሪያው ዙር ፈረንጁ የደረሰበት ሁሉ ብድግ ስለሚል ወንጌል የሚነበብ ይመስል ነበር፤ መምህሩ እየተከተለ ትከሻ ትከሻችንን ተጭኖ አስቀመጠን።

አባቴ ከእኔ በፊት ባለው ጠረጴዛ ነበሩ። ጨዋታው ሲጋመስ የእንግዳውን ፈረስ በሉ፣ በምትኩም ምንም አልሰጡም። እንግዳው ዞሮ ሲመለስ እንደ ወትሮው ወዲያው አላለፈም፤ ቆሞ ማሰብ ጀመረ። መስኮቱ መስታወት ስላልነበረው ብርዱ አፍንጫውን አቅልቶታል። አባቴ የበግ ጠጉር ባናቸውን ተከናንበው ቢታገሡ ቢታገሡ አልሆነላቸውም፤ ብድግ አሉና «ኧረ በሞቴ ይቀመጡ! እንግዳ እንዲህ ቆሞ!» ብለው ወደ ወንበራቸው ሊስቡት እጃቸውን ዘረጉ። ሰውየው ሰሌዳውን አየ፣ አባቴን አየ፣ ግራ ገብቶት ሰሌዳውን ደግሞ አየ። ከዚያ ፈገግ ብሎ እጃቸውን ጨበጠና ወደ እኔ አለፈ።

መምህሩ ሻይ ሊያስመጣ ወጥቶ ነበር። የሆነው የገባው ለእኔ ብቻ ነው። «ኖ» ማለት ይበቃ ነበር፤ እንግሊዝኛዬ ለዚያ አያንስም። ነገር ግን የክፍሌ ልጆች በአባቴ ልመና እየሳቁ ነበርና የእሳቸው ልጅ መሆኔ ለጊዜው እንዲረሳልኝ ፈልጌ ሰሌዳዬ ላይ አቀረቀርኩ።

እንግዳው በሚቀጥለው ዙር አባቴን ዘለላቸው። በሚቀጥለውም። አባቴ ቀጥሎ የሚያንቀሳቅሱትን ጠጠር በዓይናቸው መርጠው፣ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ይጠብቃሉ። በሦስተኛው ወደ እኔ ጠጋ ብለው «ምነው ዘለለኝ?» አሉኝ።

«ተሸንፈው ነው» አልኳቸው። ለምን እንዲያ እንዳልኩ እስከ ዛሬ አላውቅም፤ ማስረዳቱ አሳፍሮኝ ይሆናል።

አባቴ ረጋ ብለው ራሳቸውን ነቀነቁ። «አየሽ ልጄ፣ የሚያውቅ ሰው እንዲህ ነው። እኔ ያላየሁትን አየ» አሉ።

በማግስቱ ሌላ ሰሌዳ ሰፉ። እያንዳንዱ ጠጠር የነበረበት ካሬ ላይ የእሳቸውን በነጭ ክር፣ የእንግዳውን በቀይ ክር ምልክት አደረጉበት፤ ንጉሡን ለብቻው፣ ፈረሱን ለብቻው። ከዚያ ወዲያ ደንበኛ ባጡ ቁጥር ጠጠሮቹን በየክሩ ላይ ደርድረው የተሸነፉበትን ይፈልጋሉ። ቀሚስ ሊያስለኩ የመጡትን ሴቶች ሳይቀር «እስቲ እዩልኝ፣ የቱ ጋ ነው?» ይሏቸዋል። እኔንም ስንት ጊዜ ጠየቁኝ፤ «እንጃ» እያልኩ አለፍኩ። ደብረ ብርሃን ለትምህርት ስሄድ፣ ስመረቅ፣ ሳገባ፣ ሁልጊዜ በሚቀጥለው ስመጣ እነግራቸዋለሁ እል ነበር። ሲቀበሩ አላለቀስኩም። ለቀስተኛው ጠንካራ ናት አለ፤ ጥንካሬ አልነበረም፣ ውስጤ ደንዝዞ ነው። አሁንም እንደዚያው ነኝ።

ልጄ እርሳሱን ጠብቆ ጠብቆ ሲሰለቸው ከመሳቢያው ከአባቴ የቀረኝን ያንን ባለ ምልክት ጨርቅና ጠጠሮቹን አወጣ። ቼዝ በትምህርት ቤት ስለሚማር የክሩ ነገር ቶሎ ገባው፤ ጠጠሮቹን በየቦታቸው ደርድሮ ጥቂት አየ።

«እማዬ፣ ነጩ የማን ነው?»

«የአያትህ።»

«እያሸነፉ ነበር እኮ!»

«አዎ» አልኩት። አባቴ ዕድሜያቸውን ሙሉ ከሚያውቅ ሰው አፍ ሊሰሙት የፈለጉት ይህንን ነበር። እርሳሱን ሰጠሁት፤ ቦርሳውን አንጠልጥሎ ወጣ። ጠጠሮቹን አላነሣኋቸውም፤ ተራው የእንግዳው ነበር።