የእድሩ ምሰሶና የሙዘይን ብስክሌት

ሙዘይን ገደል አይፈራም። በብስክሌት የሚያስጎበኛቸውን ደንበኞቹን አስከትሎ ከእንጦጦ አናት በባህር ዛፉ መሃል ቁልቁል ሲወረወር ያየ ሁሉ ይመሰክራል። የሚፈራው ሌባ ነው። አልፈርድበትም፤ የተራራ ብስክሌቱ እንጀራው ነው። እሱ ከተሰረቀ በማግሥቱ ደንበኞቹን የሚመራበት የለውም፣ ሌላ ሥራም አያውቅም። ግን ፍርሃቱ ልክ አልነበረውም። ብስክሌቱን ካቆመ ወፍራም ሰንሰለት በሁለት ቁልፍ ይቆልፍበታል፤ ያ አልበቃው ብሎ የፊት ጎማውን ፈትቶ ይዞት ይሄዳል። ባንክ ቤት ሰልፍ ላይ ሄልሜት አጥልቆ፣ ጎማ አቅፎ የቆመ ሰው ካያችሁ እሱ ነው። ሚስቱ ከይሪያ፣ «እኔን እንዲህ ጠብቀኸኝ ታውቃለህ?» ስትለው፣ «አንቺን ማን ይወስድሻል?» ይላታል።

ባለፈው ጥቅምት ፈረንሳይ ለጋሲዮን ጎረቤታችን ጋሽ በዳዳ አረፉ። በሦስተኛው ቀን ሙዘይን ከእንጦጦ ፓርክ በቀጥታ ለቅሶ ሊደርስ መጣ። ብስክሌቱን የሚያስርበት ጠንካራ ነገር ፈለገ፤ አጥሩ ቆርቆሮ ብቻ ነው። በመጨረሻ ዓይኑ የእድራችን ድንኳን መካከለኛ ምሰሶ ላይ አረፈ። ከላይም ከታችም ሰፋፊ ብረት ስለተበየደበት ሰንሰለት አያሾልክም። ደግሞስ የእድር ድንኳን ማን ይሰርቃል? አሰረውና ጎማውን ይዞ ወደ ቤት ገባ።

የሟች ልጅ ጉተማ ምሳ አቅርቦለት፣ «ኧረ ጎማውን አስቀምጠውና ብላ» አለው።

«ግዴለም፣ ለምጄዋለሁ።»

በየጉርሻው ወደ በሩ ይንጠራራል፤ ከተቀመጠበት ብስክሌቱ አይታየውም። በዚህ መሃል ውጭ ጡሩንባ ተነፋ። ሌላ ሰው አርፏል ማለት ነው። እሱ ጆሮ አልሰጠውም። እኛ የእድሩ ሰዎች ግን ያለን ድንኳን አንድ ስለሆነ እየተጣደፍን ነቀልነው።

ሙዘይን ሲወጣ ድንኳኑ ተነስቷል። ብስክሌቱ የለም።

ያን የተበየደ ብረት በድንጋጤ ረሳው። ምሰሶው ሲነቀል ሰንሰለቱ ተለቀቀ፣ ሌባ አፈፍ አደረገው ብሎ ደመደመ። ከፊት ለፊት ሱቅ ያላት ኢልሃም፣ «ድንኳኑን ጭነው በራጉኤል መንገድ ወጡ። ሳይክል ግን አላየሁም» አለችው። የወሰደውን አይተው እንደሆነ ልጠይቃቸው ብሎ ጎማውን እንዳቀፈ ሽቅብ ሮጠ። ቅዳሜ ስምንት ደንበኞች አሉት። ምን ሊላቸው ነው? ከይሪያንስ?

አዲሱ ለቅሶ ቤት ሲደርስ ድንኳኑን ተክለን ጨርሰናል። ሰዎች ዙሪያውን ተቀምጠዋል፤ መሃል ላይ ብስክሌቱ ከነሰንሰለቱ ምሰሶው ላይ ተንጠልጥሏል። ቁልፉ እሱ ጋ ነው፤ በዚያ ጥድፊያ እሱን መጥራት ማን ትዝ ብሎት? ሸራው ሥር አድርገን ከነምሰሶው ያስጫንኩት እኔው ነኝ።

ሙዘይን እንዳየው እዬዬ ብሎ ለቀቀው። በኛ ዘንድ ለቀስተኛ እያለቀሰ ሲገባ ተቀማጩ አብሮ ያለቅሳል። ድንኳኑ ውስጥ የነበረው ሁሉ ለለቅሶ ተነሳ። ሴቶቹ ደረታቸውን ደቁ። ልጃቸው የሞተችባቸው እማማ አስካለች ወደ እሱ መጡና ከነጎማው አቀፉት።

«ልጄ፣ ሩሃማን ታውቃት ነበር?»

አዎ ቢል ማንም አያውቅበትም ነበር። አፉ እምቢ አለው።

«አላውቃትም፣ እማማ። ይቅር ይበሉኝ። ሳይክሌ የተሰረቀ መስሎኝ ነው።»

ለቅሶው ቀጥ አለ። ምነው መሬት ተሰንጥቃ በዋጠችኝ አልኩ። እማማ አስካለች ዓይናቸውን በነጠላቸው ጠርገው ወደ ምሰሶው ዞሩ።

«ያ ነው?»

«አዎ፣ እሱ ነው።»

«ተመስገን» አሉ። «ዛሬ የጠፋበትን ያገኘ ሰው አለ።»

ሙዘይን ቁልፉን ከኪሱ አውጥቶ ነበር፤ መልሶ ከተተው። እግራቸው ሥር ቁጭ አለና አሁን ለሩሃማ አለቀሰ።