ከውስጥ የማይከፈት በር

የሺሃረግ ዋቅቶላ የአንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ሠራተኛ ናት። መሪ በሚባለው ሰፈር፣ ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ላይ ከአባቷ ጋር ትኖራለች። አቶ ዋቅቶላ ሰባ ስምንት ዓመታቸው ነው፤ መርሳት የጀመሩት አምና ነው። መጋቢት ላይ ዳቦ ሊገዙ እንደወጡ ጠፍተው፣ አመሻሽ ላይ እንጦጦ ኪዳነ ምሕረት አካባቢ ባሕር ዛፍ ውስጥ በነጠላ ጫማ ሲንከራተቱ ተገኙ።

ከዚያ ወዲህ የሺሃረግ ቤቱን ከስልኳ ጋር አገናኘችው። ሳሎኑ ላይ ካሜራ አስገጠመች። የኤሌክትሪክ ምድጃውን ቢሮዋ ሆና ማጥፋት ቻለች። በሩም በባትሪ የሚሠራ፣ በቁጥር የሚከፈት ሆነ።

«ከውስጥም ያለ ቁጥሩ እንዳይከፈት ይሁን?» አላት ቁልፉን የገጠመው ባለሙያ።

«ይሁን» አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። ይህንን ለማንም አልተናገረችም።

ሐምሌ ውስጥ አንድ ማክሰኞ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ ከስልኳ ላይ የካሜራው ምስል ጠፋ። ምድጃውም በሩም «ግንኙነት የለም» አሉ። ፊት ለፊት በር ላይ ወደምትኖረው ወደ ሙሚና ደወለች።

«ሙሚናዬ፣ መብራት ሄዷል?»

«ኧረ አለ። ልብስ እየተኮስኩ ነው።»

የአባቷ ስልክ ዝግ ነው። ጠረጴዛው ሥር ያለው ቡታጋዝ ትዝ አላት፤ እሱን ከስልኳ ማጥፋት አትችልም።

«እስቲ አባዬን አንኳኪልኝ።»

ሙሚና አንኳኳች። የዝናብ ድምፅ በስልኩ ይሰማል። «መልስ የለም። በሩም ዝግ ነው።»

«ቁጥር አለው። አራት፣ ዘጠኝ...»

«እሳቸው አይከፍቱልኝም?»

«ቁጥሩን አያውቀውም» አለች የሺሃረግ።

«ቆልፈሽባቸው ነው እንዴ የምትሄጂው?»

«ክፈቺው ሙሚና፣ በአላህ!»

አቶ ዋቅቶላ መኝታ ቤት ጋቢያቸውን ተከናንበው ተቀምጠው ነበር። መብረቅ ሲጀምር ቆጣሪውን አጥፍተው፣ ሶኬቱን ሁሉ ነቅለው፣ ስልካቸውን ዘግተዋል። ክረምት በመጣ ቁጥር ዕድሜ ልካቸውን ያደረጉት ይህንኑ ነው። ባለሙያውም የሺሃረግም አላሰቡበትም።

ሙሚና ስልኩን ጆሯቸው ላይ አደረገችላቸው።

«አባዬ! ደህና ነህ?»

«አንቺ ልጅ፣ በመብረቅ ስልክ ይወራል? ዝጊው!»

ማታ እራት ላይ፣ «በሩ ተበላሽቷል» አሏት። «ቀን ልወጣ ብዬ እምቢ አለኝ። ሰውየውን ጥሪው።»

«አልተበላሸም፣ አባዬ። እንዳይከፈት ያደረግኩት እኔ ነኝ።»

የያዙትን ጉርሻ ሳህኑ ላይ መለሱት። «ቤቱ ቢቃጠልስ?»

የሺሃረግ ስልኳን አነሳች።

ያን ዕለት ቁጥሩን አብረው ቀየሩት። አቶ ዋቅቶላ ጠዋት የበሉትን ይረሳሉ እንጂ፣ ሠላሳ ዓመት በመሩት የቤተ ክርስቲያን ኳየር የተዘመረውን መዝሙር ሁሉ በመዝሙር መጽሐፉ ላይ ባለው ቁጥር ያውቁታል። የሚወዱትን መዝሙር ቁጥር መረጡ፤ አራት አኃዝ እንዲሞላ ፊቱ ዜሮ ጨመሩበት። ሦስት ጊዜ ሞከሩ፤ ሦስቴም ከፈቱ።

በማግስቱ ረፋድ አራት ሰዓት ላይ የየሺሃረግ ስልክ ጮኸ፦ «በሩ ተከፍቷል።» ካሜራው ባዶውን ሳሎን ያሳያል፤ ደረጃውን አያሳይም። ከሥሩ «ቆልፍ» የሚል ምልክት አለ። አሁን ብትነካው ቁጥሩም መሥራቱን ያቆማል፤ አባቷ ውጭ ሳሉ ትዘጋባቸዋለች። አውራ ጣቷን አንስታ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው፤ ዓይኗን ግን ከላዩ ማንሳት አልቻለችም።